የዶሮ ቤቱ ቁልፍ

ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚወጣውን ሽታ ታውቁት ይሆን? ዝገት ዝገት፣ አቧራ አቧራ ይላል፤ ባዶውን ተጥዶ እንደተረሳ ድስትም ያደርገዋል። ባለፈው መጋቢት፣ ዓለም ገና ከተማ ከምኖርባት ክፍል ደጃፍ ወንበሬን አውጥቼ ተቀምጬ ሳለ ይኸው ሽታ አጥር ተሻግሮ መጣብኝ። ጎረቤቴ ሰለሞን ሦስት መቶ ዶሮ የሚያረባ ጎልማሳ ነው፤ መሰላል ላይ ቆሞ በጎማ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ውሃ ያጠጣል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት፤ ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ከሁሉም ጋር በጩኸት ነው የማወራው። «ሙቀቱ ሊፈጃቸው ነው እማማ! ጣሪያውን ካላቀዘቀዝኩት ማታ የምለቅመው የሞተ ዶሮ ነው» አለኝ። ምርኩዜን ይዤ አጥሩ ድረስ ሄድኩና የጠየቅሁት ጥያቄ እኔኑ አሳፈረኝ። «ቁልፉ የት ነው?» አልኩት። «የምን ቁልፍ?» «የዶሮ ቤቱ ነዋ!» ሰለሞን ከመሰላሉ ወረደና፣ «እማማ፣ በሩ እኮ ክፍት ነው» ብሎ በአዘኔታ አየኝ። ጃጀች ብሎ ይሆናል። ይበል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ምሳዬን ሳልበላ፣ ሰበታ፣ የአባቴ ቤት ጓሮ ውስጥ በሐሳቤ ስዞር ዋልኩ።

ሰበታ ያኔ አንድ መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። የጅማ መንገድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ጠላ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ከእነሱ ኋላ ጓሮና ማሳ። ጃንሆይ አልጋቸው ላይ ነበሩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የማስታውሰው በዝናቡና በፋሲካው ነው። አሥር እንቁላል በስሙኒ ይገዛ ነበር፤ በሁዳዴማ የሚገዛ ስለሚጠፋ በዚያችው ስሙኒ አሥራ አምስት ውሰዱልን እየተባለ ይለመን ነበር። ጎረምሳው ቴርጋል ሱሪ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቅባት አጠጥቶ፣ ሬዲዮ ያላት ሻይ ቤት በር ላይ ተደግፎ ይውላል። ባለቤቷ አጥባቂ ሴት ስለነበረች በጾም ሬዲዮኑን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ጨርሳ እንዳትዘጋው ግን ደንበኛው ይሸሻል። ያችው ዝቅ ያለች ዘፈን ነፋስ ሲነፍስ እኛ ቤት ትደርስ ነበር፤ እትዬ እታገኝ አልጋዋ ላይ ሆና ከብርድ ልብሱ ሥር እግሯን ስታወዛውዝ አያታለሁ። ስታየኝ ታቆማለች። ያ የሻይ ቤት ማዕዘን ዛሬ የመስታወት ሕንፃ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ያ ብርድ ልብስ ነው።

እትዬ እታገኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ከመንዝ መጥቶ ሰበታ የቀረ ጸሐፊ ነበር። እሱም እናታችንም ካለፉ በኋላ ያቺን ቤትና ጓሮ ይዘን ሁለታችን ቀረን። እኔ በአባቴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ አዲስ አበባ ከአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ስትመጣ መንገዱ ሁሉ ያያታል፦ ሰማያዊ ሹራብ፣ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ጉርድ ቀሚስ፣ ተረከዙ ቀጭን ጫማ። ጫማዋን ጭቃ እንዳይነካው አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር ጓሯችን የምትገባው። አንድ ክረምት ሳል ይዟት መጣች፤ ሳሉ አልለቅ አለ። ሆስፒታል ወራት ተኛች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ሲያወጧት ሐኪሙ ለእኔ የነገረኝ ሦስት ነገር ነው፦ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትዋጥ፣ ከድካም ትራቅ፣ ደኅና አድርጋ ትብላ። እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ፣ በየቀኑ። እኔም የሐኪም ትእዛዝ ሰምቼ ዶሮ አርቢ ሆንኩ። ከመንግሥት እርባታ አሥራ ሁለት ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች በቅርጫት አድርጌ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ሰበታ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ተሳፋሪው ሲስቅብኝ ነበር።

ዶሮ ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። የአጥር ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ትባላለች፤ ባሏ ኦቦ ዲንቃ ገበሬ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። የእሷ ዶሮዎች ቀያይና ገብስማ የአገር ዶሮዎች ነበሩ፤ ቀን እንደ ልባቸው ሲጭሩ ይውሉና ማታ ሣር ቤቷ ውስጥ ይሰፍራሉ። ቅርጫቴን ስታይ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሳቀች።

«አስካለ፣ ሉኩ ፈረንጂ፣ የፈረንጅ ዶሮ ገዛሽ? ደግ አደረግሽ። ቤታቸውን ግን በሣር ክደኚው፤ ማሎ፣ እባክሽ ቆርቆሮ አታድርጊበት። ምድጃ ነው የሚሆነው።»

የጸሐፊ ልጅ በሣር ልከድን? ሰው ምን ይለኛል? ከአባቴ ቤት እድሳት የተረፉ ስድስት ቆርቆሮዎች ነበሩ፤ አናጢ ጠርቼ በእነሱ አስከደንኩት። ሽለምጥማጥ እንዳይገባ ግድግዳውን በጭቃ ጥቅጥቅ አድርጌ አስመረግሁ፤ ከጣሪያው ሥር አንድ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ ተተወች። በሩ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። ሲያልቅ ዞሬ ዞሬ አየሁትና፣ ይኼንንስ ጅብም አይሰብረውም አልኩ። ኩራቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዶሮዎቹ በጥር መጣል ጀመሩ፤ እትዬም መብላት ጀመረች። ጉንጯ ላይ ትንሽ ደም መጣ፤ አንድ ቀን እንዲያውም መስታወት አምጪልኝ አለችኝ። ሁዳዴ ሲገባ ግን እንቁላሉን አልነካም አለች። የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል፤ ኃጢአት ካለበት በእኔ ይሁን» አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመች፣ «እሺ አባ» አለች፣ እሳቸው ሲወጡ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«እትዬ፣ አባ ፈቅደውልሽ የለም እንዴ?»

«ፈቅደዋል። እናታችን በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እንኳ ተልባ እየተጎነጨች ጾማለች። እኔ ከእሷ ምን በልጬ ነው? ፋሲካ ይድረስ እንጂ አስካለ፣ ከነቅርፊቱ እሰለቅጥልሻለሁ። አንቺ ብቻ ዶሮዎቹን አቆዪልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ ይኸው ሆነ። ዶሮዎቹ ለፋሲካ ከደረሱ እትዬ ትበላለች፤ ከበላች ትድናለች። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው ሁሉ ቆመህ ጠብቀኝ እያልኩ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር።

ያን ዓመት በልጉ ጨርሶ ቀረ። በየካቲት የሚያካፋው አላካፋም፤ መጋቢት ደረቅ አለፈ፤ ፋሲካው ደግሞ ወደ ሚያዝያ ማለቂያ የገባ ነበር። የሰበታን ብርድ የሚያውቅ ሰው አያምነኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም። ነጫጮቹ ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው ይቆማሉ፤ ጉሮሯቸው ይርገበገባል። መጀመሪያ የእንቁላሉ ቅርፊት ሳሳ፤ ከዚያ እንቁላሉ ራሱ አንሶ አንሶ ቀረ። ጠዋት ከኮባው ጥላ ሥር እለቃቸዋለሁ፣ መሬቱን አርስላቸዋለሁ፣ በገል ውሃ አኖርላቸዋለሁ፣ እርጥብ ጆንያ እሰቅላለሁ። ውሃው የሚቀዳው ከጓሯችን ቁልቁል ካለው ጅረት ነው፤ ዳገቱን ሲወጡት ጤነኛውንም ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እንዲያም ሆኖ በገብር ኄር ሳምንት አንዷ እጄ ላይ ሞተች። ወስጄ ቀበርኳት፤ ለእትዬ አልነገርኳትም። በሆሣዕና ሳምንት ደግሞ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ሁለቱን ይዞብኝ ሄደ። ይኼንን መደበቅ አልቻልኩም፤ ጩኸቴን ሰምታለች። በነጋታው ከአረብ ሱቅ ትልቅ ጓጉንቸር ገዝቼ በሩ ላይ አንጠለጠልኩ። ቁልፉን ደግሞ እንዳይጠፋብኝ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ።

ስቅለት ደረሰ። በዚያ ቀን ሰፈሩ ባዶ እንደሚቀር ሌባውም ያውቃል። ኦቦ ዲንቃ ሳይቀር ልጆቹን ይዞ ገና በጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ አዴ ጫልቱ ብቻ ወንድ ልጅ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ስለነበር ቤቷ ተኝታለች፤ አራስ ከደጅ አትወጣም። እኔ ላልሄድ ነበር። እትዬ ናት የገፋችኝ። «ሂጂ፣ ለእኔም ስገጂልኝ። እኔ ወደ አራት ሰዓት ላይ እከፍትላቸውና ኮባው ሥር ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። ዱላ ይዤ መቀመጥ አያቅተኝም» አለች። ተስማማን። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አኖርልሻለሁ አልኳት። ገሉን በውሃ ሞላሁ፣ በሩ መቆለፉን ጎትቼ አየሁ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ወጣሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን መንገዱን ሙሉ ስለት ስሳል ነበር። እመቤቴ ሆይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንዲት ሳላጎድል፣ አንዲት ጊዜ ሳላርፍ እሰግዳለሁ፤ አንቺ እህቴን ማሪልኝ አልኩ። በስለቱ ተጠምጄ መስኮቱን ረሳሁት።

ሴቶቹ በሚሰግዱበት በኩል ከመሐል ቦታ ያዝኩ። ጥላ የለውም፣ መሬቱ ጠጠርና ድንጋይ ነው። «ኪርያላይሶን» ሲባል እንወድቃለን፣ እንነሣለን። ነጠላዬ ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ደረቀ። በዚያ ቀን ስግደቱ እስኪያበቃ እንኳን እህል ውሃም አይቀመስም። ስድስት ሰዓት ገደማ ግንባሬ መሬት ሲነካ ከአንገቴ ሥር ብረት ከድንጋይ ጋር ቀጭ አለ። የእኔ መስቀል የእንጨት ነው። እጄን ወደ ደረቴ ሰደድኩ፤ ቁልፉ ነው፣ ግሎ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት። ወዲያው ገባኝ። ቆርቆሮው፣ ጭቃው፣ ያቺ ቀዳዳ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ተነሥቼ መሮጥ እችል ነበር። ግን ስለቴ አለ፤ ካቋረጥኩ እመቤቴ እህቴን ትነጥቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ዘጠኙም ይሙቱ፣ እሷን ብቻ ተዪልኝ አልኩ። ስለቱ ብቻ ነው ብል ደግሞ እዋሻለሁ። ግራና ቀኜ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴቶች ነበሩ፣ አንዳቸውም ገና አልደከሙም፤ የጸሐፊው ልጅ እኩለ ቀን ላይ አቋርጣ ወጣች መባሉን ጠላሁት። እትዬስ ብትሆን በሩ ተቆልፎ ስታየው ተመልሳ ትተኛለች፤ የታመመ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ይኼንን ለራሴ ነገርኩና ወደቅሁ፣ ተነሣሁ። በወደቅሁ ቁጥር ቁልፉ ቀጭ ይላል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ አላውቅም፤ አንዱንም ግን ሳልሰማው አላለፈም።

በመጨረሻ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ አድርገው አሰናበቱን። ቤት ደረስኩ። ከጓሮው በር እንደገባሁ ያየሁት መሬቱን ነው። ከጅረቱ እስከ ዶሮ ቤቱ ድረስ፣ ደረቁ አቧራ ላይ፣ አንድ ጥቁር እርጥብ መስመር ተሰምሯል። ቆርቆሮው ይንጠባጠባል። ያ ሽታ ጓሮውን ሞልቶታል። እትዬ ከዶሮ ቤቱ ግድግዳ ሥር እግሯን ዘርግታ፣ ጭንቅላቷን ጭቃው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ባልዲው ጎኗ ወድቋል። ሰማያዊው ሹራቧ እስከ ደረቷ ርሷል፤ እጅጌው ላይ ደም አለ።

«ክፈቺላቸው» አለችኝ። ድምፅ አልነበራትም።

ማተቤን ከአንገቴ በጥሼ ከፈትኩ። ዘጠኙም ቆመው ነበር፤ ላባቸው ረጥቦ ከሲታ መስለው እየተጋፉ ወጡ።

«ስንት ሞተ?»

«አንድም አልሞተም፣ እትዬ።»

ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። «በቀዳዳዋ በጣሳ እያሾለክሁ አጠጣኋቸው። ጣሪያውን ሳርሰው ዝም ይላሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጮሃሉ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልቀመጥ?»

«አንቺስ? ውሃ ጠጣሽ?»

«ዛሬ ስቅለት አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ ምን ነካሽ በሚል ዓይን።

ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታመላልስ ውላ አንድ ጉንጭ አልወረደላትም። ተሸክሜ ሳስገባት ጆሮዬ ሥር ሆና፣ «ቁልፉን ረሳሽው፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ፤ ረሳሁት» አልኩ። «ምን ይደረግ፤ ጠዋት ላስታውስሽ ይገባኝ ነበር» አለች። ጥፋቱን ከእኔ ወስዳ ለራሷ አደረገችው። እኔም ቀትር ላይ እንዳስታወስኩት አልነገርኳትም።

ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ አንዷን ዶሮ ጎረቤት አርዶልኝ በርበሬ ሳላበዛ ሠራሁላት። ሁለት ማንኪያ ሾርባ ወረደላት። «ይጣፍጣል» ብላ ማንኪያውን በእጇ መለሰችልኝ። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅነው ለዚያች ሁለት ማንኪያ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ እጇን ይዤ ሳለሁ፣ አረፈች። ከተቀበረች በአራተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ፤ እኔም ተቀምጬ እሰድበው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ዶሮዎቹ መጣል ጀመሩ፤ ስምንቱም። ትላልቅ፣ ቅርፊታቸው የጠነከረ እንቁላሎች። ጠዋት ጠዋት እለቅምና በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ጓሮው መሐል እቆማለሁ፤ ወዴት እንደምወስዳቸው አላውቅም። በኋላ አራስ ናት ብዬ ለአዴ ጫልቱ መላክ ጀመርኩ።

ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁልፉንም፣ ውሸቴንም። እሳቸውም፣ «ስግደት ባዘዝኩሽ፤ ግን ሃምሳው ቀን ነው፣ በሃምሳው አይሰገድም። ትንሣኤ ነው ልጄ። እስኪያልፍ ታግሠሽ ነዪ» አሉኝ። አገሩ ሁሉ እየበላ እየጠጣ እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ፣ እኔ የምከፍልበት ቀን እስኪደርስ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከዚያን ጊዜ የሚከብድ ጊዜ በሕይወቴ አላየሁም፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ቆጥሬ ነው የምላችሁ።

ሃምሳው ሳያልቅ የአዴ ጫልቱ ልጅ ክርስትና ሆነ። ነጭ ለብሳ፣ ፊቷ ሞልቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጅ ወጣች። ከእንግዶቹ ለይታ ወደ አጥሩ ወሰደችኝና አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ያየኋትንም አልነገርኩሽም» አለች።

«ምን አየሽ?»

«ውሃ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። ዝናብ መሰለኝ። ከደጃፌ ሆኜ በአጥሩ አጮልቄ ባይ እሷ ናት፤ ባልዲ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ‹ዲሲ እታገኝ፣ ተዪው! ሉኩው ይሙት!› ብዬ ጮህኩላት። ልወጣ እግሬን አነሣሁ፤ ልጁ አለቀሰ፣ አራስ ነኝ፣ ፈራሁ። ‹አይዞሽ አዴ ጫልቱ› አለችኝ። ‹አስካለ ቁልፉን ረስታው ሄዳ ነው። ስታስታውስ ሮጣ ትመጣለች። እስክትደርስ ብቻ ነው።›»

«አንድ ጊዜ ነው እንዲህ ያለችሽ?» አልኳት።

«ኧረ ቀኑን ሙሉ! ባልዲውን ባፈሰሰች ቁጥር ግድግዳውን ተደግፋ መንገዱን ታይ ነበር።»

ሃምሳው ሲያልፍ የታዘዝኩትን ሰገድኩ፤ አባም ፈቱኝ። ዶሮ ቤቱን በዚያው ክረምት አፈረስኩት። ማተብ ዛሬም አስራለሁ፤ ቁልፍ ግን አንገቴ ላይ አድርጌ አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ከዚያም ያንሳል።